ስንጥቁን ያጠና ስንጥቁን ሠራው?

የእኛ ካራቆሬ ትንሽ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ሲመጣ፣ ሹፌሩ ለሻይ ካልቆመለት በቀር ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ያልፋታል። በርዕደ መሬት ጠበብት መዝገብ ግን ስሟ በደማቁ ሰፍሯል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ይህን ቆላ የመታው መንቀጥቀጥ እስከ ዛሬ የሚጠራው «የካራቆሬ ርዕደ መሬት» ተብሎ ነው። ጎረቤታችን ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ የደሴው አውራ ጎዳና ተሰነጠቀ። እኔ ከዚያ በኋላ የተወለድኩ ነኝ። የእናቶቻችን ዘመን ሰው ግን ልደቱንም ጋብቻውንም የሚቆጥረው «ከመንቀጥቀጡ በፊት»፣ «ከመንቀጥቀጡ በኋላ» እያለ ነበር።

በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ማዕከል ይመሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ነገሩን አጠኑት። ኋላም በ1979 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሱ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የርዕደ መሬት ታሪክ» የሚል ነው። የመሣሪያ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ስለሆነው ነገር ደግሞ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ሳይቀር እያገላበጡ ለቀሙ። ታዲያ ልብ በሉ፤ አባ ጉዋንን «ስንጥቁን ያመጡብን እርስዎ ነዎት፤ ባያነሱት ኖሮ መሬቱ ዝም ይል ነበር» ያላቸው ሰው የለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና አዲስ አበባ ድረስ አልጋ ሲያወዛውዝም፣ ሕዝቡ ጠበብቱን «ንገሩን፣ አስረዱን» አለ እንጂ «አፋችሁን ዝጉ» አላለም።

ይህን የማወራው ስለ መሬት ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። በሰውና በሰው መካከል ስላለው ስንጥቅ፣ እሱንም ማስተማር ይከልከል ስለሚባለው ነገር ነው። ወሬው የመጣው ከሩቅ፣ ከአሜሪካ ነው። ግን ዞሮ ዞሮ እኛው ደጃፍ ላይ ይቆማል።

አሜሪካኖቹ «ክሪቲካል ሬስ ቲዮሪ» የሚሉት አንድ የትምህርት ዘርፍ አለ። በእኛ አፍ «የዘር ነገርን በሒስ ዓይን የሚመረምር ንድፈ ሐሳብ» ልንለው እንችላለን። የተወለደው በሕግ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ደሪክ ቤል፣ ሪቻርድ ዴልጋዶ፣ ኪምበርሌ ክሬንሾ የሚባሉ የሕግ ሊቃውንት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዘው ተነሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. የሲቪል መብቶች ሕግ ወጣ፤ ጥቁርና ነጭ በሕግ ፊት እኩል ተባሉ። ታዲያ ከዚያ በኋላ ሀብቱ፣ ሰፈሩ፣ እስር ቤቱ ለምን እኩል አልሆነም? መልሳቸው ዘረኝነት የክፉ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም የሚል ነው። በሕጉ፣ በባንኩ፣ በቤት ብድሩ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ለምሳሌ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የመንግሥት ካርታ የጥቁሮችን ሰፈር በቀይ ቀለም አቀለመው። ባንክ ለቀይ ሰፈር አያበድርም። አባት ቤት ካልገዛ ልጅ ምን ይወርሳል? ካርታውን ያወጡት ሰዎች ሁሉ ሞተው እንኳ ካርታው ሥራውን ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉም ተቀበለው እያልኩ አይደለም። እዚያው ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ ሙግት ነበር። የሐርቫርዱ ራንዳል ኬኔዲ፣ ራሱም ጥቁር ምሁር፣ በ1989 እ.ኤ.አ. የባልደረቦቹን ክርክር ነጥብ በነጥብ የተቸ ረጅም ጽሑፍ አሳተመ። እነሱም መለሱለት። ምሁር ከምሁር ጋር ሲጣላ እንዲህ ነው የሚያምርበት፤ በወረቀት ተጽፎ፣ ማስረጃ ተቆጥሮ።

ኋላ ግን ነገሩ ከምሁራኑ እጅ ወጣ። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ሥልጠና እንዳይሰጥ ትእዛዝ አወጡ። ባይደን በጥር 2021 ሻሩት። ክልሎቹ ግን ተከታትለው ገቡበት። አይዳሆ በ2021 ንድፈ ሐሳቡን በስሙ ጠርታ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ኦክላሆማ ስሙን ሳትጠራ አወጣች፤ ፍሎሪዳ በ2022 ተከተለች። በጥር 2025 ደግሞ ትራምፕ ተመልሰው ስለ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሌላ ትእዛዝ ፈረሙ።

የኦክላሆማውን እንመልከት። ሕጉ «ታሪክ አታስተምሩ» አይልም። የሚለው ማንም ሰው በዘሩ ወይም በፆታው ምክንያት የጥፋተኝነት ስሜትና ጭንቀት ሊሰማው ይገባል ብላችሁ አታስተምሩ ነው። ለጆሮ ደግ ነገር ይመስላል። አባቱ በሠራው ልጅ ለምን ያፍራል? እውነት አለው። ግን ቱልሳ የምትገኘው እዚያው ኦክላሆማ ውስጥ ነው። በግንቦት 1921 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የነጭ መንጋ የጥቁሮቹን የግሪንዉድ ሰፈር 35 ያህል ብሎኮች አቃጥሎ ብዙ ሰው ፈጅቶባታል። አስተማሪው ይህን ሲናገር ከተማሪዎቹ አንዱ ፊቱ ቢቀላ፣ ጥፋቱ የማነው? አስተማሪው ይህን ማወቅ ስለማይችል ምን ያደርጋል? ዘሎት ያልፋል። ሕጉ ሳይከለክለው ራሱን ይከለክላል።

በቨርጂኒያም በጥር 2022 እ.ኤ.አ. አዲሱ አገረ ገዢ ሥራ በጀመሩበት ቀን የፈረሙት ቁጥር አንድ ትእዛዝ ይኸው ነበር። ቨርጂኒያ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ናት። እዚያ የሚኖር አንድ ወዳጄ በስልክ ስናወራ እንዲህ አለኝ፦

«ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ‹አባዬ፣ እኛም የባሪያ ልጆች ነን እንዴ?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹አይደለንም የኔ እናት፣ እኛ ነፃ ሕዝብ ነን› አልኳት፤ ኮራ ብዬ። ‹ታዲያ እናንተ አገር ባሪያ አልነበረም?› ስትለኝ ግን አፌ ተያዘ።»

አንባቢ ሆይ፣ የእርስዎስ አፍ አይያዝም?

እስቲ ወደ ይፋታችን እንመለስ። ከአንኮበር በታች፣ አልዩ አምባ አጠገብ፣ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር። የባሪያ ገበያ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የተነዱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚያ ይሸጡ ነበር። ገዢው በአውሳ በኩል አድርጎ ወደ ታጁራ ወደብ ይነዳቸዋል። ከ1841 እስከ 1843 እ.ኤ.አ. በሸዋ ቤተ መንግሥት የተቀመጠው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ ጽፎታል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በኢኮኖሚ ታሪክ መጽሐፋቸው ዘርዝረውታል። ቀረጡ ለንጉሡ ይገባል። በአገራችን ይህ ንግድ በስውርም በግልጽም ቀጥሎ፣ ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ዋናው መከራከሪያ እሱ ነበር። በመጋቢት 1916 አዋጅ ወጣ፤ በ1923 ሌላ ወጣ፤ በመጨረሻም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነት ጨርሶ ተከለከለ። ሰማንያ ምናምን ዓመት ነው እኮ! አያቶቻችን የሚያስታውሱት ነገር ነው።

ያገኘኋቸውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እጠይቃለሁ፤ የቆየ የአስተማሪ ልማድ ነው። የአትላንቲክን የባሪያ ንግድ ያውቁታል፤ የመርከቡን ሥዕል ሳይቀር አይተዋል። ከቤታቸው የአንድ ቀን መንገድ ስለሆነው አብዱል ረሱል ግን የሰማ አላገኘሁም።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን አንድ የታወቀ ልብ ወለድ ስናነብ፣ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አነሳ። «መምህር፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ሁሉ የአባት ስም አለው። ይቺ ወጥ የምትሠራ ሴት ብቻ የላትም። ለምን?» አለ። ክፍሉ ፀጥ አለ። ከዚያ ተነጋገርንበት። ባሪያ ሲሸጥ ከአባቱ ጋር ስሙም እንደሚቀር፣ አዲሱ ጌታ ደስ ያለውን ስም እንደሚያወጣ፣ ያ የአባት ስም ማጣት ስንት ሰው በጋብቻና በርስት ፊት እንዳቆመው ተነጋገርን። ማንም ማንንም አልሰደበም። ክፍሉም አልፈረሰም። በሳምንቱ አንዲት ተማሪ ባቀረበችው ጽሑፍ ላይ የአያቷ አባት ለምን በቤታቸው እንደማይነሳ አሁን እንደገባት ጻፈች። በዚያ ቤት ስንጥቁ ከእኔ ክፍል በፊት ነበረ። ክፍሉ ያደረገው ስም መስጠት ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አይማሩትም? ሕግ ይከለክላል ወይ?» ብትሉኝ፣ አይከለክልም። እኛ ዘንድ እንደ ኦክላሆማ ያለ ሕግ የለም። እንዲያውም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 ለአካዳሚያዊ ጥናትና ለሳይንሳዊ ምርምር በግልጽ ቦታ ይተዋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁም የአካዳሚ ነፃነትን ይደነግጋል። በወረቀት ደህና ነን።

የእኛ ክልከላ ሌላ ዓይነት ነው። በአዋጅ አይመጣም፤ በመርሐ ግብር ለውጥ፣ በሰርኩላር፣ «ለጊዜው ይቆይ» በሚል ቃል ይመጣል። ከዚህ ቀደም ከንጉሥ እስከ ንጉሥ የሚሄድ ታሪክ ነበር የምንማረው፤ ንጉሥ ያልነበረው ሕዝብ በገጹ ላይ የሚታየው ሲዘመትበት ብቻ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (በእኛው አቆጣጠር) የዩኒቨርሲቲው የፍሬሽማን ዓመት ሲቀር፣ የጋራ ኮርሶቹም አብረው ተነኑ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «70 በመቶ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ» የሚለው ፖሊሲ መጣ። በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ትምህርት ክፍሎች ተማሪ አጡ። ታሪክን ማንም አልከለከለም፤ ወንበሩን ብቻ ወሰዱበት።

በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ «የኢትዮጵያና የቀንዱ ታሪክ» የሚል የጋራ ኮርስ ታቀደ። ርዕሱ ከአባ ጉዋን መጽሐፍ ርዕስ ጋር መንታ መሆኑን ልብ ይሏል። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ምሁር «ይህ የእኛን በደል ይሸፍናል» አለ፤ የሌላው «ይህ አገር ያፈርሳል» አለ። የታሪኩ ሞጁል ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በየካቲት 2012 ተጠናቀቀ። በመጋቢት ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲዎቹን ዘጋቸው። ጭቅጭቁ በራሱ ክፋት አልነበረውም፤ ምሁር ይጨቃጨቃል። የሚያሳዝነው ከ1990ዎቹ አጋማሽ እስከዚያ ቀን ድረስ የገቡት ተማሪዎች ናቸው። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ካድሬ፣ ጋዜጠኛ ሆነው የወጡት አንድም ቀን በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለዚህ ጉዳይ ሳይጨቃጨቁ ነው።

አሜሪካኖቹ ከእኛ የሚሻሉት እዚህ ላይ ነው። ሕጋቸው ክፉ ቢሆን እንኳ ቁጥር አለው፤ የፈረመበት ሰው አለ። ስለዚህ ይከሰሳል። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. አንድ የፌዴራል ዳኛ የፍሎሪዳውን ሕግ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ እንዳይሠራ ለጊዜው አገዱት። በ2024 የኦክላሆማውም በከፊል ታገደ። «ለጊዜው ይቆይ» ግን በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሰሳል?

የዚህን ዋጋ እኛ የይፋት ሰዎች እናውቀዋለን። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ ካራቆሬም፣ ሸዋ ሮቢትም፣ በዙሪያው ያለው ገጠርም እሳቱ ደረሰው። ከአማራውም ከኦሮሞውም ሰው አለቀ፤ ከዚያ በኋላም ተደጋገመ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ፖለቲካ አለበት፣ መሣሪያ አለበት፣ መሬት አለበት። ታሪክ ባለመማራችን ብቻ ተጋደልን አልልም። ግን በዚያ ሰሞን በየስልኩ የሚዞረውን ሰምቻለሁ። «እነሱ መጤ ናቸው» ይላል አንዱ። «እናንተ ናችሁ መጤ» ይላል ሌላው። ሁለቱም የሚጠቅሰው «ታሪክ» ነው። ያን ታሪክ ከየት ተማሩት? ክፍሉ ዝግ ስለነበር ከስልኩ ነዋ!

ክፍሉ ክፍት ቢሆን ምን ይሰሙ ነበር? ይፋት በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የወላስማ ሱልጣኖች አገር እንደነበረች። ዓፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 እ.ኤ.አ. ከሱልጣን ሰብረዲን ጋር እንደተዋጉባት። ፈረንሳውያን የቅርስ አጥኚዎች በየተረተሩ ላይ የመስጊድና የመቃብር ፍርስራሽ እንዳጠኑ፣ አርጎባው እስከ ዛሬ አጠገቡ እንደሚኖር። በ16ኛው መቶ ዓመት ኦሮሞው ሲመጣ ማን እንደሸሸ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን ከማን እንደተጋባ። የሸዋ መሳፍንት ከመንዝ ወርደው እንዴት እንደገዙ። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሰማ ልጅ «መጤ» የሚለውን ቃል ሲወረውር ትንሽ ያመነታል። ከራሱ ጀምሮ መቁጠር አለበታ!

አንድ ምሳሌ ልጨምር። በ1979 ዓ.ም. አህመድ ሐሰን ዑመር የሚባሉ የታሪክ ተማሪ፣ ኋላ የታወቁ የታሪክ ምሁር፣ ለመጀመሪያ ዲግሪያቸው ማሟያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጽሑፍ ስለ ኤፍራታና ጅሌ ወረዳ ታሪክ ነበር። ርዕሱን ደግማችሁ አንብቡት፤ ኤፍራታና ጅሌ። ያን ጊዜ አንድ ወረዳ ነበር። ዛሬ ኤፍራታና ግድም በሰሜን ሸዋ፣ ጅሌ ጥሙጋ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነው። በ2013 የተኩሱ ጭስ የታየው በሁለቱ መካከል ነው። እንዲህ ያለ የተማሪ ጽሑፍ የታሪክ ተማሪው ወደ ገጠር ወርዶ ሽማግሌ ጠይቆ የሚያዘጋጀው ነው። ሽማግሌው ይሞታል፤ ጽሑፉ ይቀራል። የታሪክ ክፍሉ ተማሪ ሲያጣ የተቋረጠው ይኸው ነው። በእነዚያ ዓመታት ስንት ሽማግሌ ሳይጠየቅ ሞተ?

የሚፈሩትን ሰዎች ስጋት ግን አልንቅም። በ2006 ዓ.ም. የአኖሌ ሐውልት በአርሲ ሲመረቅ የሆነውን አይተናል። አንዱ «ተቆርጧል» አለ፣ ሌላው «ፈጠራ ነው» አለ፤ ክርክሩ በድንጋይና በስድብ ሆነ። ታሪክ ጠብ መጫሪያ ሊሆን ይችላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ የተወጋውን ለምርጫና ለጦርነት የሚቀሰቅስም አይጠፋም። ስለዚህ «ዝም ቢባል ይሻላል» የሚለው ሰው ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን የሚፈራ አባት ነው። እኔ የምለው፣ ዝም ያለው ማን ነው? ዝም ያለው አስተማሪው ብቻ ነው። ቀስቃሹ አንድም ቀን ዝም ብሎ አያውቅም። ሰነድ የሚያቀርበውን፣ «እስቲ የሌላውን ወገን ደግሞ እንስማ» የሚለውን፣ ተማሪው ሲሳሳት የሚያርመውን ሰው አስወጥተን ሜዳውን ለባለጡሩምባው ለቀቅንለት። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ታሪክ ጸሐፊ የማያዳላ አእምሮ ያስፈልገዋል ብለው ነበር። የማያዳላ አእምሮ ደግሞ በዝምታ አይገኝም፤ በልምምድ ነው የሚገኘው፤ የሚለማመዱበትም ቦታ ክፍል ነው።

የመሬቱ ጥናት ምን እንደጠቀመን ልንገራችሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ስለ ርዕደ መሬት ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። አገሩን በአደጋው መጠን በቀጠና ከፍሎ፣ ለመሐንዲሱ ዓምዱን እንዲህ አጠንክር፣ ብረቱን እንዲህ እሰር ይለዋል። ይህ የተቻለው እንደ አባ ጉዋን ያሉ ሰዎች ስንጥቁ የት እንዳለና ስንት ጊዜ እንደተንቀሳቀሰ ስለጻፉ ነው። ስንጥቁን መድፈን አልተቻለም፤ አይቻልምም። በላዩ ላይ የሚቆም ቤት መሥራት ግን ይቻላል።

በሰንበቴ ገበያ እሑድ እሑድ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛል፤ እህልና ከብት ይገበያያል፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይሰማል። እነዚያ ሰዎች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ይልካሉ። ልጆቹ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ወላስማ፣ ስለ ዓምደ ጽዮን፣ ስለ ጅሌና ስለ ኤፍራታ፣ ስለ አብዱል ረሱልም ጭምር ይማሩ። የሚያስቀይመውን ነገር ከአስተማሪያቸው አፍ፣ ጎረቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ይስሙት። ያቺ የቨርጂኒያ ልጅም አንድ ቀን አያቷን ልትጠይቅ ካራቆሬ ትመጣ ይሆናል። ያንን ጥያቄዋን እዚህ ካሉት እኩዮቿ መካከል የሚመልስላት ታግኝ።